ወደ ቅዱሳን መካነ መቃብር የሚደረግ ጉዞ ከመድረሻው ተነሥቶ ይታቀድ

ወደ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ገዳም ወደ ደብረ ሊባኖስ የሚደረግ ጉዞ አብዛኛውን ጊዜ የሚታቀደው ከአውቶቡሱ ተነሥቶ ነው። ስንት ሰው ይይዛል፣ ለአንድ ሰው ስንት ብር ይደርሳል፣ በስንት ሰዓት ወጥቶ በስንት ሰዓት ይመለሳል ተብሎ ይሰላል። ቀኑም ሰው በብዛት የሚገኝበት በዓል ይሆናል። ከዚያ የሚሆነው ይታወቃል። ሌሊቱን ሳይተኛ ያነጋ ተጓዥ ቅዳሴው ሊፈጸም ሲል ይደርሳል፣ ከሕዝቡ ብዛት የተነሣ ወደ ጻድቁ ዐፅም ሳይቀርብ ይውላል፣ ዋሻውን ከሩቅ ተሳልሞ ጠበሉን ከጎረቤቱ ጀሪካን ተካፍሎ ይመለሳል። በረከት አላገኘም አልልም። ነገር ግን የመጣው ለመቃብሩ ከሆነ መቃብሩ ጋ የሚቆይበት ሰዓት ከሁሉ በፊት መወሰን ነበረበት። ቀኑ፣ ምግቡ፣ መኪናውና ገንዘቡ ከዚያ ሰዓት ወደ ኋላ እየተቆጠሩ ነው መምጣት ያለባቸው።

በመጀመሪያ ግን የጻድቁ ሥጋ የት እንዳረፈ መታወቅ አለበት። በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት የቅዱሳን ማረፊያ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ተቀብረው በተቀበሩበት ያሉ አሉ። ዐፅማቸው ከመጀመሪያው መቃብር ወጥቶ በክብር የፈለሰ አሉ፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከእነዚህ ናቸው። ሞትን ሳያዩ ተሰወሩ የሚባሉም አሉ። ወደ ደብረ ዳሞ የሚወጣ ሰው የሚሳለመው አቡነ አረጋዊ የተሰወሩበትን ቦታ ስለሆነ መቃብር ፈልጎ መዞር የለበትም፤ በዓላቸውም ጥቅምት 14 ይከበራል። የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ማረፊያ እሳለማለሁ ብሎ ዝቋላ የሚወጣም ብዙ ነው። ከቢሾፍቱ በስተ ደቡብ ያለው ዝቋላ 2,989 ሜትር ከፍታ ያለውና በአናቱ ሐይቅ የያዘ ተራራ ሲሆን ጻድቁ የተጋደሉበት ቦታ ነው። በትውፊት የዕረፍታቸው ቦታ የሚባለው በጉራጌ ሶዶ ያለው ምድረ ከብድ ነው። ሁለቱም ቅዱስ ቦታ ነው፤ ይሁን እንጂ መንገዱም ዝግጅቱም ለየቅል ነው፣ አንዱ ተራራ መውጣት ይጠይቃል።

ከዚህ ጋር መጠየቅ ያለበት ማን መግባት እንደሚችል ነው። ደብረ ዳሞ ሴቶች አይወጡም፤ ወንዶችም የሚወጡት በገደሉ ላይ በተንጠለጠለ የጠፍር ገመድ ነው። የአቡነ ኢየሱስ ሞዐ ገዳም ሐይቅ እስጢፋኖስም የወንዶች ገዳም ነው። ላሊበላ ደግሞ የቅዱሱ ንጉሥ መቃብር ያለው ቤተ ጎልጎታ ውስጥ ሲሆን ሴቶች ወደዚያ አይዘልቁም፤ ከእርሱ ጋር ተያይዞ ከተፈለፈለው ከደብረ ሲና ሆነው ይሳለማሉ። ይህ ለጉዞ ማኅበር ትንሽ ነገር አይደለም። ከ40 ተጓዦች 25ቱ እናቶችና እኅቶች ሆነው ሳለ ወሬውን በበሩ ላይ ቢሰሙ ከዓመት በላይ የቆጠቡለት ስለት በኀዘን ይፈጸማል። ስም ሲመዘገብ ቢነገራቸው ግን አውቀው፣ ፈቅደው፣ በተፈቀደላቸው ቦታ ጸልየው ይመለሳሉ። የደብረ ሊባኖስ ቤተ ክርስቲያን ለሁሉም ክፍት ነው። ያም ሆኖ በወር አበባ ላይ ያለች ሴት፣ ወንድ ልጅ ወልዳ 40፣ ሴት ልጅ ወልዳ 80 ቀን ያልሞላት እናት በቅጥሩ ሆና ትጸልያለች እንጂ ወደ ውስጥ አትገባም። ቀን ሲመረጥ ይህንንም ማሰብ ይገባል።

ወደ ቀኑ እንምጣ። የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ወርኃዊ በዓል በ24 ነው። ከዓመቱ በዓላት ታኅሣሥ 24 ልደታቸው፣ ጥር 24 ስባረ ዐፅማቸው (እግራቸው የተሰበረበት)፣ መጋቢት 24 ፅንሰታቸው፣ ነሐሴ 24 ዕረፍታቸው፣ ግንቦት 12 ፍልሰተ ዐፅማቸው ነው። እነዚህ ለተጓዥ እኩል አይደሉም፤ ልዩነቱን የሚያመጣው የጾሙና የዝናቡ ነገር ነው።

ነሐሴ 24 ከሁሉ የሚበልጠው ሕዝብ ከሚመጣባቸው አንዱ ነው። የፍልሰታ ጾም በ15 ስለሚያበቃ ረቡዕ ወይም ዓርብ ካልዋለ በቀር ጾም የለም። ግን ክረምቱ ገና አልወጣም። ቁልቁለቱ ጭቃ፣ ወደ ዋሻው የሚያወጣው መንገድ አዳላጭ፣ ውጭ ማደሪያውም እርጥብ ነው። ታኅሣሥ 24 ደረቅ ነው፣ ሌሊቱ ግን ብርድ ነው፤ በጾመ ነቢያት ውስጥም ይውላል። መጋቢት 24 ምንጊዜም ከዐቢይ ጾም አይወጣም፤ ፋሲካ ቀደመ ቢባል መጋቢት 26 ነውና። በዚሁ ስሌት የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ መጋቢት 5ም ሁልጊዜ ዐቢይ ጾም ነው። ጾሙ እጅግ ዘግይቶ ሲገባ የመጀመሪያው ቀን እርሱ ራሱ መጋቢት 5 ይሆናል። ጠንካራ ጿሚ ያልሆነ ሰው ተራራ እየወጣ እስከ 9 ሰዓት መቆየት ከከበደው ሌላውን በዓላቸውን ጥቅምት 5ን ቢመርጥ ይሻለዋል።

ግንቦት 12 ልዩ ነው። ፋሲካ ከመጋቢት 26 ቀድሞ ከሚያዝያ 30 ዘግይቶ አይውልም። ስለዚህ ግንቦት 12 በየትኛውም ዓመት ከበዓለ ሃምሳ ውስጥ አይወጣም። በነዚያ ቀናት ጾምም ስግደትም የለም። ንስሐ አባቱ የሰጡትን የስግደት ቀኖና በጻድቁ መቃብር ፊት ሊፈጽም ያሰበ ሰው ግንቦት 12ን ከመረጠ ሥርዓቱ አይፈቅድለትም ማለት ነው። ለእንዲህ ያለው ከበዓለ ሃምሳ ውጭ ያለ አንድ ተራ 24 ይስማማዋል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሰው የምመክረው ጥቅምት 24ን ወይም ኅዳር 24ን ነው። ዝናቡ አቁሟል፣ መስኩ ገና አረንጓዴ ነው፣ መንገዱ ደርቋል፣ ሕዝቡም ከዓመታዊው በዓል ያነሰ ስለሆነ ወደ ዐፅሙ መቅረብ፣ ከመነኮሳት ጋር መነጋገር፣ ዋሻው ውስጥ ሳይገፉ መቆም ይቻላል። ኅዳር 24 የካህናተ ሰማይ በዓልም ነው፤ ጻድቁ ከ24ቱ ካህናተ ሰማይ ጋር ማጠናቸው የሚታሰብበት ቀን በመሆኑ ከቦታው ጋር በጣም ይስማማል። የነቢያት ጾም ግን ኅዳር 15 ገብቷልና ስንቁ የጾም ይሁን። ከአሜሪካና ከአውሮፓ ልጆቻቸውን ይዘው የሚመጡ ቤተሰቦች ነሐሴ 24ን ያልማሉ፤ ቀኑ በፈረንጆች አቆጣጠር ኦገስት 30 ነው፣ በአሜሪካ ብዙ ትምህርት ቤቶች ያን ጊዜ ተከፍተዋል። ለእነርሱ ሐምሌ 24፣ ማለትም ጁላይ 31፣ ይመቻል። የዝናብ ልብስና የማያዳልጥ ጫማ ግን የግድ ነው።

ቀኑ ከተቆረጠ በኋላ የሚቆጠረው ሰዓት ነው። እዚህ ላይ ነው ብዙ ጉዞ የሚበላሸው። ከመካነ መቃብሩ አጠገብ ሥጋ ወደሙን ለመቀበል ያሰበ ሰው 18 ሰዓት ከምግብና ከውኃ መታቀብ አለበት። በገዳሙ ሥጋ ወደሙ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ የሚሰጥ ቢሆን የመጨረሻው ምግብ በዋዜማው ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት መበላት አለበት። ስለዚህ ማታ 1 ሰዓት ከአዲስ አበባ ወጥቶ በመንገድ እራት የሚበላ ማኅበር ቆራቢዎቹን ከመንገድ አስቀርቷል ማለት ነው። ትክክለኛው አካሄድ በዋዜማው 6 ሰዓት ተኩል ላይ ምሳ በልቶ፣ 7 ሰዓት ተኩል ተነሥቶ፣ 11 ሰዓት ሳይሞላ በብርሃን ገዳሙ መድረስ ነው። የማደሪያውን ቦታ ማየት፣ ስም ማስመዝገብና አረጋውያንን ማሳረፍ በቀን ያልቃል። ሥጋ ወደሙን ለመቀበል ኑዛዜው አስቀድሞ ከገዛ ንስሐ አባት ጋር መጨረስ አለበት፤ በበዓል ሌሊት አንድ የማያውቁትን መነኩሴ ይዞ ችኮላ ውስጥ መግባት ለሁለቱም አይበጅም። በጾም ወራት ከሰንበት በቀር ቅዳሴው ወደ ቀትርና ከዚያም በኋላ ስለሚሄድ ስሌቱ ይለወጣል። በትልቅ በዓል ደግሞ ማኅሌቱ ሌሊቱን ይቆምና ቅዳሴው ገና ሳይነጋ ይገባል። ስለዚህ አስተባባሪው ከሳምንት በፊት ገዳሙን ጠይቆ የዚያን ቀን የቅዳሴ ሰዓት በጽሑፍ ይያዝ።

መንገዱ አስቸጋሪ አይደለም። ከአዲስ አበባ በጎጃም መስመር ሱሉልታን፣ ጫንጮን፣ ሙከ ጡሪንና ደብረ ጽጌን አልፎ፣ ፍቼ ከመድረሱ በፊት ወደ ቀኝ ታጥፎ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ይወረዳል፤ በጠቅላላው 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሕዝብ ማመላለሻ የሚሄድ ሰው የፍቼ መኪና ይዞ መገንጠያው ላይ ይወርዳል። ከመገንጠያው እስከ ገዳሙ ያለው መንገድ ጠባብና ቁልቁለት ስለሆነ በዓመታዊ በዓል መኪኖች ይቆላለፉበታል። ትልቅ አውቶቡስ የያዘ ማኅበር ሹፌሩ አፍንጫውን ወደ መውጫ አዙሮ እንዲያቆም ገና ሲደርስ ይንገረው፤ አለዚያ ሲመለሱ ሁለት ሰዓት ቆሞ መጠበቅ ይመጣል። ባለፉት ዓመታት የጎጃም መስመርም የላሊበላ መስመርም በጸጥታ ችግር የተዘጉባቸው ጊዜያት ስለነበሩ በዋዜማው ከመስመሩ ሹፌሮችና ከገዳሙ ሰዎች ሳያጣሩ መነሣት አይገባም። ማራዘም ካስፈለገ ስለቱ አይጠፋም፤ በሚቀጥለው 24 ይፈጸማል።

በገዳሙ አቅራቢያ ባለው ገደል አፋፍ የፖርቱጋል ድልድይ እየተባለ የሚጠራ፣ ያሠሩት ግን ራስ ዳርጌ የሆኑ የድንጋይ ድልድይ አለ። ልጆች የያዘ ቤተሰብ ከአፋፉ ይራቅ። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹም ሰው የያዘውን ምግብ ለምደዋልና ስንቅ በእጅ አንጠልጥሎ መዞር አይበጅም።

ገዳሙ ውስጥ ሁለት ነገሮች አሉ፣ ሰዓቱም ለሁለቱ መከፈል አለበት። አንደኛው ቤተ ክርስቲያኑ ነው። ጻድቁ በ13ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ገዳሙን ሲመሠርቱ ቦታው ደብረ አስቦ ይባል ነበር፤ ደብረ ሊባኖስ ያሉት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ናቸው። የቀድሞው ቤተ ክርስቲያን በ16ኛው መቶ ዘመን በግራኝ አሕመድ ጦር ተቃጠለ። አሁን የምናየውን በ1950ዎቹ ያሠሩት ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ሲሆኑ የባለ ቀለም መስታወት ሥዕሎቹ የአፈወርቅ ተክሌ ናቸው። መስታወቱን አይቶ ለመጠገብ ከቅዳሴ በኋላ ረፋዱ ላይ ፀሐይ ስትገባ መመለስ ይሻላል። ወደ ዐፅሙ ለመሳለም ግን ቅዳሴ እንዳለቀ ከሚፈጠረው ግፊያ ይልቅ በዋዜማው ማምሻ ሠርክ ጸሎት ላይ ወይም በማግሥቱ ረፋድ 4 ሰዓት አካባቢ መሄድ ይመረጣል። በአንድ ቀን ደርሶ የሚመለስ ጉዞን የማልወድበት ምክንያት ይኸው ነው፤ እነዚህን ሁለቱን ጊዜያት ይወስዳቸዋል።

ሁለተኛው ዋሻው ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ ተነሥቶ በእግር ሽቅብ የሚወጣ ነው። ጻድቁ ስምንት ጦሮች በዙሪያቸው ተክለው የጸለዩበት፣ ከብዙ ዘመን ቁመት በኋላ አንድ እግራቸው ተሰብሮ ሰባት ዓመት በአንድ እግራቸው የቆሙበት፣ ሲያርፉም በመጀመሪያ የተቀበሩበት በረከት ያለው ቦታ ነው። ዐፅማቸው ከዚህ ወጥቶ የፈለሰው ከ57 ዓመት በኋላ በገዳሙ አበምኔት በአባ ሕዝቅያስ ዘመን ነው፤ የግንቦት 12 በዓል ይህ ነው። ጉልበት ያመመው ሰው ማለዳ፣ ፀሐይ ሳትበረታና ሕዝቡ ሳይወጣ፣ አንድ ረዳት ይዞ ቀስ ብሎ ይውጣ። ውስጡ የሚንጠባጠበው ጠበል ወለሉን ስለሚያረጥበው ጫማ አውልቆ ሲገባ በዝግታ ይራመድ።

የግንቦት 12 ተጓዥ ሌላም የሚያስበው አለ። በ1929 ዓ.ም የካቲት 12 በግራዚያኒ ላይ የተጣለውን ቦምብ ሰበብ አድርጎ የፋሺስት ጦር ገዳሙን የከበበው ለዚሁ በዓል ሕዝብ በተሰበሰበበት ሰሞን ነው። በጄኔራል ማሌቲ የሚመራው ጦር መነኮሳቱን ከመጡት ተሳላሚዎች ጋር አግዶ ግንቦት 13 ላጋ ወልዴ በተባለው ስፍራ ረሸናቸው። ዲያቆናቱን ደግሞ ደብረ ብርሃን አካባቢ ወስዶ ገደላቸው። ጣሊያኖቹ ራሳቸው ያመኑት ቁጥር 449 ነው፤ ከዚያ በኋላ ቦታውን የመረመሩት አጥኚዎች ከ1,400 በላይ፣ ምናልባትም 2,000 እንደሚደርስ ገምተዋል። ከነዚያ ሰማዕታት ብዙዎቹ ስለት ይዘው፣ ስንቅ ቋጥረው የመጡ ተሳላሚዎች ነበሩ። ስለዚህ ግንቦት 12 የሚሄድ ማኅበር 13ንም ቢያድርና የሰማዕታቱን መታሰቢያ ጸሎት ቢያደርስ ይገባዋል እላለሁ። ብዙዎች በ12 ከሰዓት በኋላ ተነሥተው ይሄዳሉና ይህ ቀን ከሚገባው በላይ ጭር ይላል።

ስለ ስለት። ገዳም ስለት ይቀበላል፣ ግን የሚጠቅመውን ቢቀበል ደስ ይለዋል። ጧፍ ከሆነ የንብ ሰም የተነከረ ይሁን፤ የፓራፊኑ ጥቁር ጭስ ሥዕሉንና ጣሪያውን ያጠቁራል። ዘቢብ ከሆነ እንዳይጣበቅ ተብሎ በዘይት የታሸው የሱፐርማርኬት ዘቢብ ለመሥዋዕት አይመረጥም፤ ከንዋየ ቅድሳት መደብር ዘይት ያልነካው ይገዛ። አንድ ኪሎ ንጹሕ ዕጣን ከትልቅ ሰው ሠራሽ ምንጣፍ ይበልጣል። ጃንጥላና መጋረጃ ከመግዛት በፊት ገበዙን መጠየቅ ነው፤ ዕቃ ቤቱ ውስጥ ተደራርቦ የሚቀመጥ ብዙ አለ። ገንዘብ በቢሮ፣ በደረሰኝ ይሰጥ። በበዓል ዋዜማ በየመንገዱ ጃንጥላ ዘርግቶ በገዳሙ ስም የሚለምን ሁሉ የተላከ አይደለም።

የጸሎት ስም ሲሰጥ በክርስትና ስም ተጽፎ፣ በሕይወት ያሉት በአንድ ወረቀት፣ ያረፉት በሌላ ወረቀት ይሁን። በአንድ ላይ ተቀላቅለው ሲሰጡ ለሕያው ፍትሐት፣ ለሙት ምሕረተ ሥጋ ሊጸለይ ይችላል። ለአንድ ቤተሰብ 10 ስም ያህል በጉልህ ጽሑፍ ይበቃል።

ጠበሉ የሚጠጣው በባዶ ሆድ ነው። ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ለአንድ ቤተሰብ ይበቃል። ቀድሞ ዘይት የነበረበት ጀሪካን ምንም ቢታጠብ ሽታው አይለቅም፣ አዲስ ይገዛ። እምነትም፣ ማለትም ለበረከት የሚወሰደው አፈር፣ ከካህናቱ እጅ ነው የሚወሰደው፤ ከመቃብሩ ወይም ከዋሻው ግድግዳ በጥፍርና በቁልፍ መፋቅ ቦታውን ያፈርሳል። የስኳር፣ የደም ግፊት፣ የቲቢ ወይም የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው መድኃኒቱን አያቋርጥ፣ በእጅ ሻንጣው ይያዝ እንጂ በአውቶቡሱ ዕቃ መጫኛ አይተወው። የስኳር ሕመምተኛ ስለ ጾሙ አስቀድሞ ከሐኪሙም ከንስሐ አባቱም ጋር ይነጋገር፣ ለአስተባባሪውም ያሳውቅ። በየጉዞው ራሱን የሚስት ሰው የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ ሳይናገር ከጾመው መካከል ነው።

ስንቁን በአጭሩ ልበል፦ ለሁለት ቀን ለአንድ ሰው ግማሽ ኪሎ በሶና ግማሽ ኪሎ ቆሎ፣ ለአምስት ሰው ደግሞ ሁለት ድፎ ዳቦ ይበቃል። በጾም ጭኮ በቅቤ አይያዝ። ነጠላ፣ ጋቢ፣ ባትሪ፣ ጫማ መያዣ ከረጢት፣ ለሴቶች ረጅም ቀሚስ ያስፈልጋል። በትልቅ በዓል ስልክ ስለሚጨናነቅ ለልጆችና ለአረጋውያን የአስተባባሪው ቁጥር በወረቀት ተጽፎ ኪሳቸው ውስጥ ይግባ፣ መገናኛ ቦታም ከአውቶቡስ ሳይወረድ ይነገር።

ራቅ ብሎ ለሚያስብ ላሊበላ አለ። የቅዱስ ላሊበላ ዕረፍት ሰኔ 12 ይከበራል። በገና ሰሞን ከተማው ይሞላልና መቃብሩን ተረጋግቶ ለመሳለም ሰኔ ይሻላል። ከላሊበላ በመኪና 42 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የይምርሐነ ክርስቶስ ዋሻ ይገኛል። ዓለቱ ሥር በእንጨትና በድንጋይ ተደራርቦ የታነጸው ቤተ ክርስቲያን ከጻድቁ ንጉሥ መቃብር ጋር በአንድ ዋሻ ውስጥ ነው፤ በስተ ኋላውም በዚያ ለማረፍ ከሩቅ መጥተው የሞቱ ተሳላሚዎች ዐፅም ተከማችቷል። መንገዱ ከኪሎ ሜትሩ የሚጠበቀውን ያህል አያስኬድም፣ በመጨረሻም በእግር ይወጣል። ስለዚህ ግማሽ ቀን ሳይሆን ሙሉ ቀን ይመደብለት። ዐፅሞቹን በብልጭታ ማንሣትም መንካትም አይገባም። በዓላቸው ጥቅምት 19 ሲሆን ወቅቱ ለመንገዱ የተመቸ ነው።

በጀቱ ሲያዝ መኪና፣ ማደሪያና ስንቅ ተደምሮ 15 በመቶ መጠባበቂያ ይጨመርበት፤ ጎማ ቢፈነዳ፣ አንድ ሰው ቢታመም፣ መንገድ ተዘግቶ አንድ ሌሊት ቢታደር ከዚያ ይወጣል። ለገዳሙ የሚሰጠው መባ ከጉዞው ክፍያ ተለይቶ ይሰብሰብ። ሁለቱ ሲቀላቀሉ ነዳጅ የጨመረ እንደሆነ የሚቀነሰው የገዳሙ ድርሻ ነው። ከደብረ ሊባኖስ የሚነሡት ከቀኑ 8 ሰዓት ሳያልፍ ቢሆን እንጦጦን ሳይመሽ ይሻገራሉ። ሒሳቡ በአውቶቡሱ ውስጥ፣ ሰው ከመበተኑ በፊት ይነበብ፤ የተረፈውም ለሚቀጥለው ጉዞ መክፈል ላቃታቸው ሰዎች ተብሎ በማኅበሩ መዝገብ ይጻፍ።